ሸክሙ ስንት ነው፣ ዕቃውስ የት ነው? የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የጭነት ሕግ ደረጃ በደረጃ ማንበብ

ተጫዋቾች የምናብ ጀብደኛ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ስለ ሸክም የሚለው ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጨዋታን መሐል ላይ ከሚያቆሙ ክርክሮች አንዱ ከዚሁ ይነሣል። ተጫዋቹ "ገመድ አለኝ" ይላል፤ ታሪኩን የሚተርከው የጨዋታው መሪ "ቦርሳህን በሩ ላይ ጥለህ አልገባህም እንዴ?" ይለዋል፤ ከዚያ ሁሉም መጽሐፍ ማገላበጥ ይጀምራል። የሚፈልጉት መልስ ግን ክብደት የተጻፈበት ገጽ ላይ የለም። እኔ እንደማየው ይህ ሕግ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል ትሸከማለህ፣ የያዝከውስ ነገር አሁን የት ነው ያለው? የመጀመሪያው በአንድ ማባዛት ያልቃል። ጨዋታውን የሚለውጠው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ይህ መመሪያም እሱ ላይ ይበረታል።

የምጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሕግ መጽሐፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ክብደቶችና ዋጋዎች ማለት ይቻላል በሙሉ የጨዋታው አሳታሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ በለቀቀው የሕግ ሰነድ ውስጥ ይገኛሉ፤ መጽሐፉን ያልገዛም ሰው ማመሳከር ይችላል። የ2024ቱ መጽሐፍ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እጠቅሰዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ሕግ እንደምትጫወቱ ቁረጡ

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሕግ አለ። መደበኛው ሕግ ጣሪያ ብቻ ያስቀምጣል፤ ከጣሪያው በታች እስከሆናችሁ ድረስ ምንም አይነካችሁም። ሁለተኛው አማራጭ ሕግ ነው፤ ሸክሙ እየከበደ ሲሄድ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከዚያም ብሶ ዳይሱን ይጎዳል። ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ብዙ ሰው የሚጫወተውም እሱን ነው፦ ማንም ምንም አይቈጥርም፣ አንድ ሰው ሐውልት ተሸክሞ ልውጣ ሲል ብቻ ሁሉም ይስቃል።

ሦስቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ሳይነጋገሩ መጀመር ነው። ታሪካችሁ ከተማ ውስጥ በሴራና በወሬ የሚሄድ ከሆነ ቈጠራው አያስፈልግም። በረሃ መሻገር፣ ተራራ መውጣት፣ ሳምንት ሙሉ ከመሬት በታች መክረም ካለ ግን አማራጩን ሕግ ምረጡ፤ እንዲህ ባለ ጉዞ ስንቅ ካልተቈጠረ መንገዱ ራሱ ትርጉም የለውም። የ2024ቱ መጽሐፍ አማራጩን ሕግ አውጥቶታል፤ በአዲሱ እትም የምትጫወቱ ከሆነ ግን ከአሮጌው ተውሳችሁ ብታስገቡት ምንም አይፋለስም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን አውጡ

የጥንካሬ ነጥብን በ15 አባዙ፤ የሚወጣው በፓውንድ የምትሸከሙት ከፍተኛ ክብደት ነው። ጥንካሬው 16 የሆነ ተዋጊ 240 ፓውንድ፣ ጥንካሬው 8 የሆነ አስማተኛ 120 ፓውንድ ይሸከማል። አማራጩን ሕግ ከመረጣችሁ ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች ጻፉ፦ ጥንካሬ በ5 እና ጥንካሬ በ10። ለተዋጊያችን 80 እና 160፣ ለአስማተኛችን 40 እና 80 ይሆናል።

ቁመት ያጠረ ሁሉ ጭነቱ አይቀንስም፤ ሃፍሊንግም ሆነ ሰው ያው በ15 ነው የሚባዛው። መጠኑ ከመካከለኛ በላይ ሲሆን በየእርከኑ በእጥፍ ያድጋል፣ ደቂቅ ለሆነ ፍጡር ደግሞ በግማሽ ይወርዳል። እንደ ጎላያዝ ያሉ ዘሮች ራሳቸው መካከለኛ ቢሆኑም ለሸክም ሲባል አንድ እርከን ከፍ ብለው ይቈጠራሉ፤ ይህን ወረቀታቸው ላይ የሚረሱት ተጫዋቾች ብዙ ናቸው።

ፓውንድ ለማይዋጥላችሁ፣ 240 ፓውንድ 109 ኪሎ ገደማ ነው። ከአንድ ኩንታል በላይ ማለት ነው። የመርካቶ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ አንሥቶ ከመኪና ወደ መጋዘን ያደርሳል፤ ያንን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ዳገት ይውጣ፣ በዚያ ላይ ሰይፍ ይምዘዝ ብንለው ግን ምን እንደሚለን እናውቃለን። መደበኛው ሕግ ይህንኑ ይፈቅዳል፣ ያውም ፍጥነት ሳይቀንስ። እንግዲህ 15 ማባዣ የተቀመጠው የሰውን አቅም ለመለካት ሳይሆን ተጫዋቾች ስለ ሸክም እንዳያስቡ ለማድረግ ነው። ይህን ካወቃችሁ "ይህ እንዴት ይሆናል?" የሚለው ክርክር ግማሹ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ የለበሳችሁትንም ጨምራችሁ ደምሩ

ብዙ አዲስ ተጫዋቾች ጥሩርን አይቈጥሩም፤ "ለብሼዋለሁ እንጂ አልተሸከምኩትም" ይላሉ። በአምስተኛው እትም እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። የለበሳችሁት፣ በእጅ የያዛችሁት፣ የታጠቃችሁት፣ ባዶው ቦርሳ ራሱ ሁሉም ሸክም ነው።

ተዋጊያችንን እንመዝነው። የሰንሰለት ጥሩር 55 ፓውንድ፣ ጋሻ 6፣ ረጅም ሰይፍ 3፣ ቀላል ክሮስቦው (በማስፈንጠሪያ የሚተኮስ ቀስት) 5፣ 20 ፍላጻ 1.5። እስከዚህ 70.5 ነው። በዚህ ላይ የዋሻ ጉዞ ጥቅል አለ፦ የጀርባ ቦርሳ 5፣ የብረት መፈልቀቂያ 5፣ መዶሻ 3፣ አሥር ችንካር 2.5፣ አሥር ችቦ 10፣ የእሳት ማቀጣጠያ 1፣ የአሥር ቀን ስንቅ 20፣ ውሃ የሞላ ኮዳ 5፣ 50 ጫማ ገመድ 10። ጥቅሉ ብቻውን 61.5 ፓውንድ ይመዝናል። ጠቅላላ 132። ልብስና ከአስተዳደጉ ታሪክ የሚያገኛቸውን ጥቃቅን ነገሮች ለጊዜው ትቻለሁ።

አስማተኛችን ደግሞ ዘንግ 4፣ የአስማት መጽሐፍ 3፣ የቅመማ ከረጢት 2 እና 59 ፓውንድ የሚመዝነውን የመንገደኛ ጥቅል ይዟል። ጠቅላላ 68።

ደረጃ 4፦ ድምሩን ከሕጉ ጋር አስተያዩ

በመደበኛው ሕግ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ተዋጊው ገና 108 ፓውንድ፣ አስማተኛው 52 ፓውንድ ይቀረዋል።

በአማራጩ ሕግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሸክማችሁ ከጥንካሬ በ5 ሲያልፍ ሸክም ከብዷችኋል፤ ፍጥነታችሁ በ10 ጫማ ይቀንሳል። ከጥንካሬ በ10 ሲያልፍ ሸክሙ አጉብጧችኋል፤ ፍጥነት በ20 ጫማ ይቀንሳል፣ በጥንካሬ፣ በቅልጥፍናና በጤንነት የሚጣል ማናቸውም የሙከራ፣ የጥቃትና የመቋቋም ዳይስ በዲስአድቫንቴጅ ይሆናል፤ ሁለት ጥላችሁ ትንሹን ትወስዳላችሁ። እንግዲህ ተዋጊው 132 ይዞ 80ን አልፏል፣ አስማተኛውም 68 ይዞ 40ን አልፏል። ሁለቱም መጽሐፉ ራሱ በሰጣቸው መነሻ ዕቃ፣ ገና ከመንደር ሳይወጡ ከ30 ወደ 20 ጫማ ወርደዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሕጉ ተሳስቷል ብሎ ይተወዋል። እኔ ደግሞ ሕጉ ሊል የፈለገው ይህንኑ ነው እላለሁ። መንገደኛ ቦርሳውን ተሸክሞ በዝግታ ይሄዳል፤ ጠብ ሲመጣ ቦርሳውን ይጥላል። ተዋጊው ጥቅሉን ቢጥል 70.5 ይቀረዋል፣ ከ80 በታች ነው፣ ፍጥነቱ ይመለሳል። አማራጩ ሕግ ትርጉም የሚኖረው ቦርሳ መጣል የተለመደ ነገር ሲሆን ነው። ቦርሳ ለማውለቅ የተለየ ጊዜ ስላልተጻፈ ከመሪያችሁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። በአንድ ተራ አንድ ዕቃ በነጻ መንካት ስለሚፈቀድ፣ ቦርሳ መጣልን በዚያ መቁጠር ለእኔ ተገቢ ይመስለኛል፤ በዚያ ተራ ሰይፍም ልምዘዝ ያለ ግን ለአንዱ አክሽኑን (በተራው የሚፈቀድለትን አንድ ዋና ድርጊት) ይከፍላል።

ደረጃ 5፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ስጡ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን። የጀርባ ቦርሳ የሚይዘው 30 ፓውንድ ወይም አንድ ኪዩቢክ ጫማ ነው። ገመድና የመኝታ ጥቅልን የመሰለ ነገር ከውጭ ማሰር ይፈቀዳል። የዋሻውን ጥቅል ተመልከቱ፦ ከቦርሳው ሌላ 56.5 ፓውንድ ዕቃ አለ። መጽሐፉ የሸጠላችሁ ጥቅል በራሱ ቦርሳ ውስጥ አይገባም ማለት ነው!

እንዲህ አድርጋችሁ አስገቡት። ገመዱን፣ መፈልቀቂያውንና መዶሻውን ከውጭ እሰሩ፤ ኮዳውን ወገብ ላይ አንጠልጥሉ። የቀረው ስንቅ፣ ችቦ፣ ችንካርና ማቀጣጠያ 33.5 ይሆናል፤ አሁንም በ3.5 ይበልጣል። 6 ፓውንድ የምትይዝ የወገብ ኪስ በ5 የብር ሳንቲም ግዙና ችንካሩንና ማቀጣጠያውን እዚያ አድርጉ። ቦርሳው ውስጥ በትክክል 30 ቀረ።

ይህ ቈጠራ ለነገረኛ ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱን ግን እዩት። ተዋጊያችን የወገብ ኪሷ አንድ ፓውንድ ስለምትመዝን አሁን 133 ይዟል። ቦርሳውን ሲጥል ገመዱ፣ መፈልቀቂያው፣ መዶሻው፣ ስንቁና ችቦው አብረው ይሄዳሉ፤ ሰውነቱ ላይ የሚቀረው 70.5 ሲደመር ኮዳ፣ ኪስ፣ ችንካርና ማቀጣጠያ፣ በድምሩ ልክ 80 ነው። ሕጉ "ሲያልፍ" ስለሚል 80 ነጻ ነው። በዚያ ላይ አንዲት የወርቅ ሳንቲም ኪሱ ብትገባ አለፈ። በአንዲት ሳንቲም ፍጥነት የሚቀንስ መሪ ካጋጠማችሁ ጥቂት ውሃ ጠጡለት። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ተዋጊ ማቀጣጠያ እንዳለው፣ ችቦና ገመድ ግን እላይ እንደቀሩ አሁን ማንም ሳይጨቃጨቅ ያውቃል።

በወረቀታችሁ ላይ የዕቃ ዝርዝሩን በአንድ ረድፍ አትጻፉ። አራት ክፍል አድርጉት፦ በእጅ፣ በሰውነትና በወገብ፣ በቦርሳ፣ በእንስሳ ወይም በጋሪ። የፈውስ ጠርሙስ ሁልጊዜ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይሁን። ጓደኛችሁ ወድቆ እያለ ከ20 ፓውንድ ስንቅ ሥር ጠርሙስ ፍለጋ መግባት አትፈልጉም፤ መሪውም "ለመፈለግ አንድ አክሽን" ቢላችሁ መብቱ ነው።

ደረጃ 6፦ የጥሩርን የራሱን ሕግ ለይታችሁ አንብቡ

ከባድ ጥሩር ከክብደቱ ሌላ የጥንካሬ መስፈርት አለው። የሰንሰለት ጥሩር 13፣ ሙሉ የብረት ጥሩር 15 ይጠይቃል። መስፈርቱን ያላሟላ ለባሽ ፍጥነቱ በ10 ጫማ ይቀንሳል እንጂ መልበስ አይከለከልም። አማራጩን የሸክም ሕግ ስትጠቀሙ ግን ይህ የጥንካሬ መስፈርት ይሰረዛል፤ መጽሐፉ በግልጽ ተዉት ይላል። ሁለቱን ደርበው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ የሚቀጡ መሪዎች ስላሉ ይህን ዓረፍተ ነገር አስታውሷቸው።

ሥልጠና የሌለው ሰው ጥሩር ሲለብስ የሚመጣው ቅጣት ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ከዚህም የከፋ ነው፦ በጥንካሬና በቅልጥፍና የሚጣል ሁሉ በዲስአድቫንቴጅ ይሆናል፣ አስማትም መጥራት አይቻልም።

አንድ ሕጉ ያልፈታው ቋጠሮ አለ። የ2014ቱ መጽሐፍ ስለ ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ ዘር) "ከባድ ጥሩር መልበስ ፍጥነቱን አይቀንስበትም" ይላል። አማራጩ ሕግ ሲሠራ ታዲያ ፍጥነት የሚቀንሰው ጥሩሩ ነው ወይስ ጠቅላላው ክብደት? እኔ ብሆን ለፍጥነት ብቻ ስቈጥር የጥሩሩን ክብደት ከድዋርፉ ሸክም እቀንስለታለሁ። ያ ካልሆነ ዘሩ የተሰጠው ጸጋ በአንድ አማራጭ ሕግ ይበላል።

ጊዜውንም ጻፉ። ቀላል ጥሩር ለመልበስም ለማውለቅም አንድ ደቂቃ፣ መካከለኛ ለመልበስ አምስት ለማውለቅ አንድ፣ ከባድ ለመልበስ አሥር ለማውለቅ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ጋሻ አንድ አክሽን ነው።

ደረጃ 7፦ ውሃውን ቁጠሩ፣ ከምግቡ በፊት

ሁሉም ሰው የአሥር ቀን ስንቅ ይዞ ደህና ነኝ ይላል። ኮዳው ግን የሚይዘው ግማሽ ጋሎን ነው፤ አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አንድ ጋሎን፣ በሙቀት ሁለት ጋሎን። የአሥር ቀን ምግብና የግማሽ ቀን ውሃ ይዛችኋል ማለት ነው። ያለ ምግብ ሦስት ቀን ሲደመር የጤንነት ማስተካከያውን ያህል መቈየት ይቻላል። ውሃ ግን አይጠብቅም፦ በቀን ግማሹን ብቻ የጠጣ 15 የሚጠይቅ የጤንነት መቋቋሚያ ይጥላል፣ ከግማሽ በታች የጠጣ ያለ ምንም ዳይስ አንድ የድካም ደረጃ ይወድቅበታል። ድካም አስቀድሞ ያለበት ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ይጨመርበታል።

አራት ሰው በረሃ ይሻገር። በቀን ስምንት ጋሎን፣ አሥራ ስድስት ኮዳ፣ 80 ፓውንድ። ለሦስት ቀን 240 ፓውንድ፤ የተዋጊያችን ጣሪያ ራሱ! ምንም ሌላ ነገር ሳይዝ ማለት ነው። የበረሃ ጉዞ ያዘጋጀ መሪ ጭራቅ ባያስገባም ይህ ስሌት ብቻውን ቡድኑን ያወያያል። ከቡድኑ መሐል ውሃ የሚፈጥር አስማት ያለው ካለ አንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ጥሪ አሥር ጋሎን ያወርዳል፣ ለቀኑ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን አስማቱን የሚጠራው ሰው በየቀኑ አንድ የአስማት ዕድል (ከተፈቀዱለት ጥሪዎች አንዱን) በሸክም ፈንታ ይከፍላል፤ ጥሩ ዋጋ ነው።

ስንቅ በቀን ሁለት ፓውንድ ስለሆነ ስትበሉ ከድምሩ ቀንሱ። የተኮሳችሁትን ፍላጻ ደግሞ ከውጊያ በኋላ አንድ ደቂቃ ብትፈልጉ ግማሹን ታገኛላችሁ። ለ20 ፍላጻ 1.5 ፓውንድ ስለሆነ ክብደቱን መቀነስ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን አስቡ

50 ሳንቲም አንድ ፓውንድ ነው፣ ብረቱ ምንም ይሁን። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ክብደት ሁሉ የሚለካው በወርቅ ሳንቲም ነበር፤ ሀብትና ሸክም ገና ከጥንስሱ የተያያዙ ናቸው። አሥር ሺህ የመዳብ ሳንቲም 200 ፓውንድ ይመዝናል፣ ዋጋው ግን 100 ወርቅ ነው። ያው 100 በወርቅ ሁለት ፓውንድ፣ በፕላቲነም አሥር ሳንቲም ብቻ። ብልህ መሪ ሀብቱን በመዳብ ይሰጣል፤ ብልህ ቡድን መዳቡን ትቶ ዕንቁውን ያነሣል።

ከጠላት ሬሳ ላይ ጥሩር ገፍፎ መሸጥ የሚወድ ተጫዋች በየቡድኑ አለ። መሣሪያና ጥሩር በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ስለሆነ 750 ያወጣል፣ 65 ፓውንድም ይመዝናል። ያዋጣል። ችግሩ ጭራቆች የተጠቀሙበት መሣሪያና ጥሩር ለሽያጭ የሚሆን ይዞታ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው፣ ይህም በመጽሐፉ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 9፦ መግፋት፣ መጎተት፣ ማንሣት

ሸክማችሁ ጣሪያውን ካለፈ እስከ ጥንካሬ በ30 ድረስ መግፋት፣ መጎተት ወይም ማንሣት ትችላላችሁ፤ ስትገፉና ስትጎትቱ ፍጥነታችሁ ወደ 5 ጫማ ይወርዳል። የ2024ቱ እትም ማንሣትንም በዚሁ የፍጥነት ገደብ ውስጥ አስገብቶታል። የለበሳችሁት ከዚህ ላይ ይቈጠር አይቈጠር መጽሐፉ አይለይም። እኔ ስታነሡ ይቈጠር፣ መሬት ላይ ስትጎትቱ አይቈጠር እላለሁ።

ይህ ሕግ የሚፈተነው በሣጥን ሳይሆን በወደቀ ጓደኛ ነው። ተዋጊያችን ራሱ 180 ፓውንድ ይመዝናል እንበል፤ ከነዕቃው 313 ሆነ። አስማተኛው ጥንካሬው 8 ስለሆነ መጎተት የሚችለው እስከ 240 ነው። ስለዚህ ንቅንቅ አያደርገውም። ቦርሳውን ቢቈርጥለት 53 ፓውንድ ይወርዳል፣ 260 ይቀራል። ጋሻ፣ ክሮስቦውና ሰይፍ 14 ፓውንድ ናቸው፤ እነሱም ሲወርዱ 246። ፍላጻው፣ ኮዳው፣ ኪሱ ከነያዘው ሲጣል 235 ሆነ፣ አሁን ተንቀሳቀሰ። በስድስት ሰከንድ 5 ጫማ። ጥሩሩን ማውለቅ ይቀላል እንዳትሉ፣ ከባድ ጥሩር በአምስት ደቂቃ ነው የሚወልቀው። አስማተኛው ጓደኛውን ለማዳን ምን ምን እንደሚጥል እየመረጠ ጠላት ሲቃረብ፣ የሸክም ሕግ ከማንኛውም ጭራቅ የበለጠ ያስፈራል። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት እንዲመጣ ስል ብቻ ሕጉን እጫወተዋለሁ።

ደረጃ 10፦ በቅሎ ግዙ

አህያ ወይም በቅሎ 8 ወርቅ ነው፣ 420 ፓውንድ ይሸከማል። በቅሎ መካከለኛ ብትሆንም ለጭነት እንደ ትልቅ እንስሳ ትቈጠራለች፦ ጥንካሬዋ 14፣ በ15፣ ከዚያ በእጥፍ። የግልቢያ ፈረስ 75 ወርቅ አውጥቶ 480 ብቻ ነው፣ ግመልም በ50 ወርቅ ያንኑ ያህል። ፈረሱን የምትገዙት ለፍጥነቱ ነው። ተቀማጩም ከነትጥቁ ከእንስሳው ጭነት ላይ ይቈጠራል፤ ተዋጊያችን 313፣ ኮርቻ 25፣ ስለዚህ ፈረሱ ላይ 142 ፓውንድ ብቻ ቀረ።

ጋሪ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የሚጎትት እንስሳ የጭነቱን አምስት እጥፍ ያንቀሳቅሳል፣ የጋሪው ክብደት ተጨምሮ። አንዲት በቅሎ 2,100፤ ጋሪው 200 ይወስዳል፣ 1,900 ፓውንድ ለእናንተ። የበረሃው ውሃ ጉዳይ በ23 ወርቅ ተፈታ ማለት ነው፣ የእንስሳው የራሱ ውሃና በቀን 10 ፓውንድ መኖ ሳይረሳ። ጋሪ ግን ገደል አይወጣም፣ ዋሻም አይገባም፤ ከዋሻው ደጅ ማን እንደሚጠብቀው ካልወሰናችሁ ስትወጡ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ደረጃ 11፦ አስማት የሚያነሣውና የማያነሣው

ባግ ኦፍ ሆልዲንግ የተባለው አስማታዊ ከረጢት 500 ፓውንድና 64 ኪዩቢክ ጫማ ይውጣል፣ ራሱ ግን ሁልጊዜ 15 ፓውንድ ነው። የክብደትን ጥያቄ ይገድላል፤ የ"የት ነው?" ጥያቄ ግን ይቀራል፣ አንድ ዕቃ ማውጣት አክሽን ይፈጃልና። ከአቅሙ በላይ ከተሞላ ወይም ከተቀደደ ያለው ሁሉ አስትራል ፕሌን በተባለ ሌላ ዓለም ውስጥ ይበተናል፤ ሌላ የዚህ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ሁለቱም ከረጢቶች ይጠፋሉ፣ በአቅራቢያው ያላችሁትም ተስባችሁ እዚያው ትገባላችሁ። ክፍት ሰይፍና ፍላጻ ከማስገባታችሁ በፊት ሰገባ አስቡ። ፍሎቲንግ ዲስክ የተባለው አስማት የሚፈጥረው ተንሳፋፊ ሰሌዳ ለአንድ ሰዓት 500 ፓውንድ ተሸክሞ ይከተላል፣ እንደ ሥርዓተ አስማት ከተጠራም ዕድል አያስከፍልም፤ ከፍታው በ10 ጫማና ከዚያ በላይ ሲለወጥ ግን መሻገር አይችልም። አንድ ዋሻ መዝብሮ ለመውጣት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ደረጃ 12፦ መቼ እንደገና ይቈጠራል?

በየዕቃው እንደገና አትደምሩ። ከከተማ ስትወጡ፣ ረጅም ዕረፍት ስታደርጉ፣ ሀብት ስታነሡና ጥንካሬ ሲለወጥ ይበቃል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል። ሻዶው የተባለው ጭራቅ በነካ ቍጥር ከጥንካሬ ላይ እስከ 4 ነጥብ ይወስዳል፣ እስክታርፉም አይመለስም። ተዋጊያችን ቦርሳውን እንደተሸከመ በአንድ ምት ከ16 ወደ 12 ወረደ እንበል። በመደበኛው ሕግ ጣሪያው 180 ሆነ፣ 133 ይዟልና ሸክሙ አያስቸግረውም፤ የሰንሰለት ጥሩሩ ግን 13 ስለሚጠይቅ ፍጥነቱ 20 ሆነ። በአማራጩ ሕግ መስመሮቹ ወደ 60 እና 120 ወረዱ። 133 ከ120 በላይ ነው፤ አሁን ሸክሙ አጉብጦታል፣ ፍጥነቱ 10 ጫማ፣ ሰይፉም በዲስአድቫንቴጅ። ቦርሳውን ቢጥል 80 ይቀረዋል፣ ከ60 በላይ ስለሆነ እንደከበደው ነው፤ ፍጥነቱ ግን 20 ይሆናል፣ ዳይሱም ነጻ ይወጣል። ሌላ ምት ሳይመጣ ይጣለው።